ኖን-አይኤስኦ

ዛሬ ነገረ ዓለሙ ሁሉ አስጠልቶኛል። ምክንያት የለውም። እንዲህ ሲያደርገኝ ሥራ አልሠራም፤ ተርሚናል፣ ያንን ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የማዝበትን መስኮት፣ ከፍቼ የድሮ ፋይሎቼን እጎረጉራለሁ።

ያቺን የማስታወሻ ፋይሌን ታውቋታላችሁ፤ ከየትም ያገኘሁትን ሁሉ የምለጥፍባትን። አንድ መስመር ፈልጌ፣ ጽሑፍ ፈልጎ በሚያወጣው ኮማንድ፣ በግሬፕ ገባሁ። «ባይነሪ ፋይል ማችስ» አለኝ፤ ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል ውስጥ አለ ማለቱ ነው። አግኝቶታል፣ ግን አያሳየኝም! የገዛ አማርኛዬን ደበቀብኝ። ቆይ እስቲ ብዬ የፋይልን ዓይነት የሚናገረውን፣ ራሱም «ፋይል» የሚባለውን ኮማንድ ጠየቅኩት። «ኖን-አይኤስኦ ኤክስቴንድድ አስኪ ቴክስት።» አይኤስኦ ከሚባሉት የፊደል ኮዶች አይደለም ማለቱ ነው። ምን እንዳልሆነ ነው እንግዲህ የነገረኝ።

«ጽሑፍ ነው ብለህ ቁጠረው» የሚለውን ማይነስ ኤ ብጨምር ግሬፕ መስመሩን ያወጣልኝ ነበር። ግን እልህ ያዘኝ። የፊደል ኮድ የሚቀይረውን ኮማንድ፣ አይኮንቭን፣ አማርኛዬ ከተጻፈበት ኮድ ከዩቲኤፍ-8 ወደዚያው ወደ ዩቲኤፍ-8 ገልብጥ አልኩት። ሕግ የጣሰ ባይት (ፋይሉ ከተሠራባቸው ቁጥሮች አንዱን) ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ቦታውን ይናገራል። ጥፋተኛዋ ከአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጋር የገባች ጎባጣ አፖስትሮፍ ናት። ዊንዶውስ-1252 የሚባለው የሌላ ፊደል ኮድ ሰው ነች፤ ቁጥሯ 146። በዩቲኤፍ-8 ደግሞ 146 ብቻውን መቆም አይችልም።

በዚች አንዲት ባይት! «ሰ» እኮ 225፣ 136፣ 176 ናት። «ላ» 225፣ 136፣ 139። አማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደሎች ሦስት ሦስት ባይት ናቸው፤ ሁሉም በ225 ይጀምራሉ። ገጽ ሙሉ 225 ሲደጋገም ያየ ሰው ትንሽ ይጠረጥራል። ኮማንዱ ግን አንዷ ስትበላሽበት ሌላውን ሁሉ ትቶ ሄደ።

ልፍረድለት ካልኩ ግን እሱም ግራ ገብቶት ነው። ተራ የጽሑፍ ፋይል በምን ኢንኮዲንግ (በየትኛው የፊደል ኮድ) እንደተጻፈ የሚናገር ምልክት ብዙውን ጊዜ የለውም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ይገምታል። ያውም ከመጀመሪያው የተወሰነውን ብቻ አንብቦ። ፋይሉ በጣም ትልቅ ሆኖ ላይ ላዩ እንግሊዝኛ፣ አማርኛው ግን ከታች ርቆ ከሆነ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አስኪ»፣ ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ይላል።

አንድ መልሱን ግን እወድለታለሁ። ጨርሶ ሲያቅተው «ዳታ» ይላል። በቃ፣ ዳታ። አያብራራም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ትናንት ማታ ያ ሰውዬ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ምንም» ከምለው እንዲህ ብለው ምን ነበረበት?

እሱስ ቢሆን። የምልክለትን መቼ እስከ ታች ያነባል? መጀመሪያው ላይ «ሃሃ» ካየ ደህና ነች ብሎ ይዘጋዋል። የከፋኝን ሁልጊዜ ከታች ነው የምጽፈው። ይኼን ነገር ዛሬ ልንገረው ብዬ ስልኬን አነሳሁ፣ ረጅም አድርጌ ጻፍኩ፣ ላኩ።

በምን እንደጀመርኩት አሁን አየሁት። «ሃሃ፣ ስማ እስቲ...»