ከማረፍ በኋላ ያለው መንገድ

አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ መንገደኛው ስልኩን ያበራል፤ ኮክፒት ውስጥ ግን ሌላ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። አብራሪው ረግጦት በማያውቀው ማረፊያ፣ በሌሊትና በዝናብ፣ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ማወቅ አለበት። በእኔ እምነት ይህ ክፍል የሚገባውን ያህል አይወራለትም።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ገና ሰማይ ላይ፣ አውሮፕላኑ መውረድ ሳይጀምር ነው። የማረፊያው ካርታ ይወጣል፤ ከመንደርደሪያው በየትኛው ታክሲዌይ (መንደርደሪያውን ከማቆሚያው በሚያገናኘው መንገድ) እንደሚወጣ ይገመታል፤ እስከ ማቆሚያው ስንት መንደርደሪያ እንደሚቋረጥ ይቆጠራል። ካርታው ላይ የተከበቡ ቦታዎች ካሉ፣ ከዚህ በፊት ሌሎች የተሳሳቱባቸው ስለሆኑ ሁለቱም አብራሪዎች ጮክ ብለው ይነጋገሩባቸዋል። የዕለቱን ማስታወቂያም ማንበብ ግድ ነው፤ ለጥገና የተዘጋ ታክሲዌይ ካርታው ላይ ክፍት መስሎ ይታያልና።

መሬት ላይ የሚያናግሩት ቀለሞች ናቸው። ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ፊደል ያለበት ሰሌዳ አሁን የቆሙበትን ይነግራል። ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ፊደልና ቀስት ካለ የሚቀጥለውን አቅጣጫ ያሳያል። ቀይ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ያለ ፈቃድ አንድ ክንድ እንኳ አይታለፍም። ሌሊት የታክሲዌይ ዳር መብራት ሰማያዊ፣ የመሃሉ አረንጓዴ ነው፤ የመንደርደሪያው ዳር ነጭ ነው። በግራም በቀኝም ነጭ ከታየ፣ ያሉት መንደርደሪያ ላይ ነው።

መንደርደሪያው አፍ ላይ አራት ቢጫ መስመሮች አሉ፦ ሁለቱ ድፍን፣ ሁለቱ የተቆራረጡ። ድፍኑ በአብራሪው በኩል ከሆነ ይቆማል። ከመንደርደሪያው ሲወጣ የተቆራረጠው ይቀድመዋል፤ ያኔ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ማለፍ አለበት። አፍንጫው ስላለፈ ብቻ ቆሞ ካርታ የሚያይ አብራሪ ጭራውን ከኋላ ለሚመጣው ትቶለታል።

የማማው ተቆጣጣሪ በሬዲዮ የሰጠው መንገድ በጽሑፍ ይያዝ፤ አብራሪው መልሶ ሲደግመውም የመንደርደሪያው ቁጥርና “ከዚህ በፊት ቁም” የተባለው ቦታ ይጠራ። ግን በትክክል መድገም ብቻውን አያድንም። ጥቅምት 8 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) በሚላን ሊናቴ፣ በከባድ ጉም፣ አንዲት ትንሽ ጄት አር 5 በተባለው መንገድ እንድትሄድ ታዘዘች። አብራሪዋም አር 5 ብሎ ደገመ፤ የሄደው ግን በአር 6 ነበር። በመንገዱ ላይ ኤስ 4 የሚል ምልክት ማየቱን ሲናገር፣ ተቆጣጣሪው ያ ምልክት የት እንዳለ አያውቅም ነበር፤ የምድር ራዳርም አልነበረውም። ጄቷ መንደርደሪያው ላይ ወጣች፤ ለመነሳት የሚምዘገዘገው ኤምዲ 87 የመንገደኞች አውሮፕላን መታት። 118 ሰው ሞተ።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሰሌዳው፣ ካርታውና ኮምፓሱ ካልተስማሙ፣ መንደርደሪያ ውስጥ እስካልሆኑ ድረስ ፍሬን ይዞ መቆምና ያዩትን እንዳለ መናገር። አሜሪካ ውስጥ “ፕሮግሬሲቭ ታክሲ” ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ተቆጣጣሪው በየመታጠፊያው ይመራል። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ልምድ ያላቸውም ይጠይቃሉ።

ኮምፓሱ ለመነሳት ሲሰለፉ ደግሞ የመጨረሻው ምስክር ነው። በኬንታኪ ሌክሲንግተን ነሐሴ 27 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) ንጋት ሳይቀድ፣ አንድ አውሮፕላን 2,135 ሜትር በሚረዝመው መንደርደሪያ 22 ፈንታ 1,067 ሜትር ብቻ በሆነው 26 ለመነሳት ተንደረደረ፤ ከ50 ሰው 49 አለቀ። የመንደርደሪያው ቁጥር ለአሥር የተካፈለ የአቅጣጫው ዲግሪ ነው፤ 220 አካባቢ ሊያሳይ የሚገባው ኮምፓስ 260 አካባቢ ላይ ነበር። ለሞተሩ ጉልበት ከመስጠት በፊት ሁለቱም አብራሪዎች ቁጥሩን ከኮምፓሱ ጋር አመሳክረው ጮክ ብለው ቢጠሩ፣ የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ነው።

የታብሌቱ ካርታ ላይ የምትንቀሳቀሰው ነጥብም ታግዛለች፤ ሆኖም የቦታ ስህተት ሊኖርባት ስለሚችል፣ ዓይን ከመስኮቱ ውጭ ይሁን። አንዱ ካርታ ሲያይ ሌላው ውጭ ይይ፤ ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) መታጠፊያ አጠገብ አይነበብ።

ሳያውቁ መንደርደሪያ ውስጥ ተገብቶ ከተገኘ ግን ቆሞ ማሰብ አይሠራም። ወዲያው ለማማው “መንደርደሪያ ላይ ነን፣ የት እንዳለን እርግጠኛ አይደለንም” ማለትና በቅርብ ባለው መውጫ መውጣት ነው።