እማን ከደሴ ዋሽንግተን ስንሸኝ ሰዓቱን እንዴት አሰላሁት

እህቴ ዋሽንግተን ነው የምትኖረው። መውለጃዋ ሲደርስ እማ ሄዳ እንድታርሳት ተወሰነ። የቪዛው ጉዳይ እንዳለቀ እማ የጠየቀችኝ «አውሮፕላኑ ላይ ስንት ሶላት ይደርስብኛል?» ብላ ነው። ስለ ርቀቱ ግድ አልነበራትም።

እኔ ግን ከርቀቱ ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ ጀት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር ወደ 13 ሰዓት ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ቁጥርም ይኸው ነው፤ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ግን አይሠራም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። የእማ ትኬት በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ነበር፤ ይህ ብቻውን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዙሪያ ጥምጥም ይጨምራል።

ትኬቱ ላይ መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የሚጻፈው። ሁለቱን ዝም ብሎ መቀነስ ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር ማምጣት ነው። የእማ መነሻ 22:30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። መድረሻው፣ የዋሽንግተን 8:00 ደግሞ በክረምታችን የሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለው እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። በመሀሉ 16 ሰዓት ተኩል አለ።

ከደሴ ለሚነሳ ሰው ይህም ሙሉው አይደለም። አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑን ይበላል። ከኮምቦልቻ በአየር ግን 250 ገደማ ስለሆነ ሰዓት አይሞላም። ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ፣ ቦሌ መጠበቅ፣ ፍተሻው ሲደመር ከቤት እስከ ቤት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ለዚህ ነው የሁለቱን በረራ ትኬት አንድ ላይ የገዛነው፦ የመጀመሪያው ቢዘገይ የሚቀጥለውን የማስተካከሉ ጣጣ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ቢገዛ ትንሽ ሊረክስ ይችላል፣ ግን እናትን ብቻዋን እየላኩ እንዲህ ያለ ቁጠባ አይዋጥልኝም።

ወደ ሶላቱ ስመለስ፣ የማታዎቹን ሶላቶች፣ መግሪብና ኢሻን፣ ቦሌ ሰግዳ ትሳፈራለች። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲበር ንጋት ከኋላ እየተከተለው ስለሆነ ሌሊቱ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ደሴ ረፋድ ሆኖ ቡና ሲፈላ እሷ ገና አትላንቲክ ላይ ጨለማ ውስጥ ናት። «እማ፣ የንጋቱ ሱብሂ ብቻ ነው። በስልክሽ ሰዓት እንዳትሰግጂ፣ መስኮቱን እያየሽ» አልኳት። አላመነችኝም። የሰፈራችንን ሼኽ ጠይቃ መጣችና «አብሽር፣ ልክ ነህ አሉ» አለችኝ።

አሁን እዚያው ናት። ስትመለስ ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳ፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሚሆን በቀጥታ በ13 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። ቀኑን የቆረጠችው ግን ከኅዳር በኋላ ነው፤ እነሱ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ ስምንት ይሆናል፣ ሶላቱንም እንደ አዲስ ላሰላላት ነው።