ከክለብ ክለብ የሚዞር ተከላካይ

የዋሊድ አታን የክለብ ዝርዝር ዛሬ ደግሜ አየሁት። ሪያድ ተወልዶ ስዊድን ያደገው የመሃል ተከላካይ በ2009 እ.ኤ.አ. ከኤአይኬ ጋር የስዊድንን ሊግ በላ፣ የክሮኤሺያው ዲናሞ ዛግሬብ ሄደ፣ ወደ ስዊድን ተመልሶ በ2011 እ.ኤ.አ. ከሄልሲንቦርግ ጋር ዋንጫውን ደገመ። ከዚያ የስዊድኑ ሄከን፣ የቱርኩ ጌንችለርቢርሊጊ፣ የሳውዲው ናጅራን። በመሃሉ የዋልያዎቹን መለያም ለብሷል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ያየ ሁሉ "የትም ያልረጋ" ይላል። እኔን የሚገርመኝ ስንት ጊዜ ከአዲስ አጣማሪ ጋር ከዜሮ እንደጀመረ ነው።

አጥቂ አዲስ ክለብ ገብቶ በአንድ ጎል ስሙን ያስጠራል። የመሃል ተከላካይ ብቻውን ጥሩ መሆን አይችልም። መስመሩ ወደፊት ሲወጣ አንዱ በግማሽ እርምጃ ከዘገየ አጥቂው ከኦፍሳይድ ይተርፋል፣ በረኛው ለብቻው ይቀራል። ይህ ብዙውን ጊዜ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። አንዱ የለመደው ኳስ ወደ ኋላ ስትመለስ መውጣትን ነው፤ ሌላው ኳስ የያዘው ሰው አንገቱን እስኪደፋ ይጠብቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ልምምድ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፦ "ውጡ" የሚለው ማነው? በረኛው ከመስመሩ ጀርባ የሚጣለውን ኳስ ወጥቶ ይይዛል ወይስ ጎሉ ላይ ይቀራል? የማዕዘን ምት ላይ ሰው በሰው ነው ወይስ ቦታ ይዞ? ሰው አገር ደግሞ ቋንቋ እስኪለመድ ማን ይጠብቃል? "ውጣ፣ ተመለስ፣ ዙር፣ ልቀቀው፣ ሰው አለ" የሚሉትን በመጀመሪያው ቀን መያዝ ግድ ነው።

ወረቀቱን ማወቅም የሙያው ግማሽ ነው። ፊፋ በአንድ የውድድር ዘመን ለሦስት ክለብ መመዝገብን ቢፈቅድም፣ በመደበኛው ደንብ ይፋዊ ጨዋታ የሚደረገው ለሁለቱ ብቻ ነው። ለሁለት ክለብ ተጫውቶ ጥር ላይ ለሦስተኛ ቸኩሎ የፈረመ እዚህ ላይ ይጠመዳል። ክለቡ የሁለት ወር ደሞዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ብዙዎች ደብዳቤውን ሳይጽፉ ልምምድ ያቆማሉ፤ ያኔ ውል አፍራሹ ተጫዋቹ ሆኖ ይገኛል። በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. ክረምት የወር ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ከጣሪያ በላይ በቃል የተገባ ገንዘብ ሲካድ ምን ይዞ ይከሰሳል?

ተጫዋች ሠላሳ ዓመትን ሲያልፍ የሚቀርብለት ውል ባብዛኛው የአንድ ዓመት ነው። "ይህን ያህል ጨዋታ ከተሰለፈ ለአንድ ዓመት ይታደሳል" የሚል አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ቢሆንም እኔ ብዙም አላምነውም፤ ቁጥሩ ሊሞላ ሁለት ጨዋታ ሲቀረው ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ለክለብ ቀላል ነው። አንቀጹ መግባቱ ካልቀረ የጨዋታውን ቁጥር ዝቅ ማስደረግ ይሻላል፣ ለዚያ ሲባል ከፊርማው ክፍያ ትንሽ ቢቀነስም እንኳ።