በእርግዝና ጊዜ ጡት ሲያም

ስለ ማቅለሽለሽ ሁሉም ሰው ያወራል። ስለ አምሮትም እንደዚያው፤ ነፍሰ ጡር ሴት አንድ ነገር አማረኝ ካለች ጎረቤቱ ሁሉ ይሯሯጣል። ጡቴን አመመኝ ስትል የሰማኋት ሴት ግን የለችም። ነውር ሆኖብን ነው መሰለኝ። የጡት ነገር የሚነሳው ከወለድን በኋላ፣ ያውም ለልጁ ሲባል ነው። እኔ ግን ዛሬ ለእናትየዋ ብዬ ልጽፍ ነው።

እርጉዝ መሆኔን መጀመሪያ የነገረኝ ጡቴ ነው። ምርመራ ሳላደርግ በፊት ከብዶኛል፣ ሞቆኛል፣ ጫፉን ልብስ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል። ወር አበባ ሊመጣ ሲል ከሚሰማው ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ይሄኛው አይለቅም። ደረጃ ስወርድ ያመኛል። ታክሲ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ በክንዴ ደግፌ ነው የምቀመጠው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጽንስ ሲያዝ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በጣም ይጨምራሉ። ወደ ጡት የሚሄደው ደም ይበዛል፣ ወተት የሚሠሩት እጢዎችና ወተቱ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ማደግ ይጀምራሉ። ብዙ ሴቶች ላይ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምርና የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሲያልፉ ይቀንሳል። መጨረሻው አካባቢ የሚመለስባቸውም አሉ። ጭራሽ የማያማትም አለች፣ ምንም ችግር የለውም። ሕመሙ በድንገት ስለቀነሰ ብቻ ደግሞ «ጽንሱ ምን ሆነብኝ» ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። ደም ከታየሽ ወይም ሆድሽን ከቆረጠሽ ግን ወዲያው ሂጂ።

እንግዲህ ውስጥ የሚካሄደውን ማቆም አንችልም። እኔ የማምነው ግን ሕመሙን የሚያባብሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ነገር ነው፤ ብርዱ፣ የሚሻክረው ልብስ፣ የሚያጣብቀው ጡት ማስያዣ፣ የሸክም ገመዱ። እነዚህን ደግሞ መቀየር ይቻላል።

ከብርዱ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ብርድ ሲመታን በጡት ጫፍ ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ከዚያ ደሙ ሲመለስ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላል። እኔ ማታ የጥጥ ካናቴራዬን ትራሴ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብቼ እስኪሞቅ እጠብቅና እዚያው ተኝቼ እለብሰዋለሁ። ሹራቡ ከዚያ በላይ ነው። የመንዝ ባናም ቢሆን፣ ለብርድ እንደሱ ያለ የለም፣ ግን የበግ ጸጉር ገላ ላይ ይሻክራል፤ ከሥሩ አንሶላ ወይም ጋቢ ይሁን። በቀን ሲያቃጥለኝ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይሻለኛል። ቆላ ያለችው ጓደኛዬ፣ ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው፣ በተቃራኒው ቀዝቃዛ ጨርቅ ነው የሚያሳርፋት። ሁለቱም ልክ ነው፤ ጡትሽ የሚወደውን ስጪው።

ጡት ማስያዣ። የድሮውን ይዘሽ አትሰቃዪ። ማታ ስታወልቂው ከጡትሽ ሥር ጎድጎድ ያለ መስመር ከተወ ጠቦሻል ማለት ነው። ብረት የሌለው፣ ማንጠልጠያው ሰፋ ያለ፣ ጥጥ የሆነ፣ ከጀርባው ብዙ ረድፍ መቆለፊያ ያለው ፈልጊ፤ ሆድሽ ሲያድግ ደረትሽም ስለሚሰፋ በረድፍ በረድፍ ታላይዋለሽ። ገበያ ላይ ሻጩ ወንድ ከሆነ ማፈር አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ስጠኝ በይ፣ በቃ። ለመኝታ ደግሞ ለስለስ ያለ ሌላ ቢኖርሽ ጥሩ ነው። በጎን ተኝተሽ ትንሽ ትራስ ከጡትሽ ሥር ስታደርጊ በጣም ያሳርፋል።

አሁን ወደ ገመዱ። ልቤን የሚነካኝ እሱ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች መንዝ ናቸው። ባለፈው ስንሄድ እህቱ እርጉዝ ሆና ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ከምንጭ ስትመጣ አየኋት። ገመዱ በትከሻዋ ዞሮ ደረቷ ላይ ተጠላልፏል፤ አንድ እጇን በገመዱና በጡቷ መሀል ሰክታ ትራመዳለች። እጇ ለምን እዚያ እንደነበረ ገባኝ። ጠየቅኳት፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ለአማቴ ስነግራቸው፣ «እኛስ መች ተናግረን እናውቃለን ልጄ፣ ጥርሳችንን ነክሰን ነው ያሳለፍነው» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና ግን ልጃቸውን ጠርተው «ከነገ ጀምሮ ውኃውን አህያዋ ትጫን፣ እሷ እንዳትሸከም» አሉት። በዚያ ቀን ከሁሉም መድኃኒት የሚበልጥ ነገር አደረጉ። እንጨቱም፣ አንቀልባውም ያው ነው፤ ደረት ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ ለታመመ ጡት አይሆንም።

እያጠባች ያረገዘች ደግሞ ሕመሙ እጥፍ ነው። የእርጉዝ ወተት ልጅ ያሳምማል የሚል ወሬ አለ፤ እውነት አይደለም። ጤነኛ እርግዝና ከሆነ ማጥባት ይቻላል፣ ወተቱ ግን ሊቀንስና ጣዕሙ ሊቀየር ይችላል። ከዚህ በፊት ያለጊዜዋ የወለደች ወይም አሁን ደም የሚፈሳት ከሆነች ግን አዋላጇን ታማክር።

መድኃኒት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሕመሙ ከባሰ ፓራሲታሞል ይቻላል፣ እሱንም ባለሙያ ጠይቆ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የልጁን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውኃውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ጤና አዳምም አፍልታችሁ እንዳትጠጡ፣ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል።

ለባሎች አንድ ነገር። ስትታቀፍ ሸሸት ካለች አልጠላችህም፣ አሟት ነው። አንቺም አፍ አውጥተሽ ንገሪው፣ እሱ ከየት ያውቃል?

የጡት ጫፍ ዙሪያው ሲጠቁርና ትንንሽ እብጠቶች ሲወጡበት አትደንግጪ፤ እነሱ ቆዳውን የሚያለሰልስ ቅባት ያወጣሉ፣ ስለዚህ በሳሙና አትፈትጊያቸው፣ ውኃ ይበቃል። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ካለ እንገር ነው። አትጭመቂው፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥፈሽ ከውስጥ አድርጊ።

ስትዳብሺ ያገኘሽው እብጠት ካልጠፋ፣ አንዱ ጡትሽ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ቆዳው ከተሰረጎደ ወይም ከጫፉ ደም ከወጣ ግን «እርግዝናው ነው» ብለሽ እንዳትተዪው። የጡት ካንሰር በእርግዝና ጊዜ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ጤና ኬላ ቅርብሽ ከሆነ እዚያ፣ ካልሆነም ጤና ጣቢያ፣ የክትትል ቀጠሮሽ እስኪደርስ ሳትጠብቂ ሄደሽ አሳዪ።