የዳማ ሆድና የኔ ዱቄቶች

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ውሻዬ ዳማ በሩን ትቧጥጣለች። በዚያ ሳምንት አራተኛ ሌሊቷ ነው። ስከፍትላት እንደ ጥይት ተፈተለከች። እኔም በነጠላ ጫማ፣ የስልኬን መብራት ይዤ ተከተልኳት። ሰው በዚያ ሰዓት አጎንብሶ የውሻ ሰገራ ሲመረምር ጎረቤት ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ። ውሃ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል።

ነገሩ የጀመረው ለእግሯ ቁስል የታዘዘላትን አንቲባዮቲክ ከጨረሰች በኋላ ነው። ቁስሉ ድኗል፣ በዚያ ቅሬታ የለኝም። ግን አንቲባዮቲክ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ደግ ባክቴሪያዎችም አብሮ ይጠርጋል። ይህን ሳነብ ጊዜ ምክር ሰብሳቢ ሆንኩ። እርጎ ስጫት አሉኝ። የኮኮናት ዘይት፣ የአጥንት ሾርባ፣ የፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት) ዱቄት፣ የፖም ኮምጣጤ። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ሲሉኝ አምስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጀመርኩላት።

ባሰባት።

የእንስሳት ሐኪሙ ጽፌ የወሰድኩላቸውን ዝርዝር አነበቡ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ የጠቀማት የቱ ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «የጎዳትስ?» አሁንም ዝም።

እርጎ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አለው፤ ብዙ ያደጉ ውሾች ላክቶስን በደንብ አይፈጩትም፣ ስለዚህ ተቅማጥ ላይ ተቅማጥ ነው። የኮኮናት ዘይት ያው ቅባት ነው፤ ሲበዛ ሆድ ያላላል፣ ቆሽቱ ለሚቆጣ ውሻ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የአጥንት ሾርባውን እንዴት እንደሠራሁት ሲጠይቁኝ «በቀይ ሽንኩርት» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ቀይም ይሁን ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ መቀቀሉም አያድንም። ደግነቱ የገባው ጥቂት ነበር። ኢንተርኔት ላይ ግን ነጭ ሽንኩርትን ለውሻ ሆድ መድኃኒት ነው ብለው የሚጽፉ ሞልተዋል። ይሄ እስካሁን ያበሽቀኛል።

ሰገራዋ ተመረመረ። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ የለም። ደሟም ታየ፤ ቢ12 መጠኗ ደህና ነው። ተቅማጥና ቢ12 ምን አገናኛቸው ብዬ ጠይቄ ነበር። ይህ ቫይታሚን የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ነው። ስለዚህ ሲጎድል እዚያ አካባቢ ችግር መኖሩን ሊጠቁም ይችላል። ቆሽት የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ማመንጨት ሲያቅተውም ይወርዳል። እንዲህ ያለ በሽታ ቢኖርባት ኖሮ እኔ ዱቄት ሳማርጥ ውሻዋ ትከሳ ነበር።

ትእዛዛቸው አጭር ነበር። ሁሉንም አቁሚ። ለሆድ የሚቀል አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት። ተቅማጥ የማይለቃቸው ብዙ ውሾች ምግባቸው ስለተቀየረ ብቻ ይሻላቸዋል። ማሟያ ካማረሽ ከዚያ በኋላ፣ አንድ በአንድ። «ደብተርም ያዢ» አሉኝ።

ደብተሩ ላይ ሰገራ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ይሰጠዋል። 1 እንደ ጠጠር የደረቀ ነው፣ 7 ውሃ። የምንፈልገው 2 ወይም 3 ነው፦ ቅርጹን የያዘ፣ ስናነሳው መሬት ላይ ብዙ የማይለጠፍ። ዳማ በ6 ጀመረች። በዘጠነኛው ቀን 4 ብዬ ስጽፍ ደስታዬ ለሰው የሚነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ዱባ ገባ። ጨው የለ፣ ስኳር የለ፣ ቅመም የለ፤ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ብቻ። ዳማ 14 ኪሎ ናት፤ በየምግቧ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰጠኋት። የዱባ አሰር ውሃ ይይዛል፤ የላላውን ሰገራ ያረጋዋል፣ የደረቀውንም ያለሰልሰዋል። የአሰሩን ከፊል ደግሞ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና የአንጀቱን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶች ያወጡበታል። በአራት ቀን 3 ላይ ደረሰች። እኔ ደግሞ አያርፍ እጅ አለኝ፤ ከጠቀማት ልጨምርላት ብዬ አንድ ቀን ሦስት ሦስት ማንኪያ አደረግኩት። ማታ ሳሎኑን ለእሷ ለቅቀንላት ወጣን። መስኮት መክፈት አልበቃም።

ቀጥሎ ፕሮባዮቲክ። የመጀመሪያው ዱቄቴ ለሰው የተሠራ ነበር። ዶክተሩ መጀመሪያ ያዩት ማጣፈጫውን ነው፤ ዛይሊቶል ያለበት ከሆነ የውሻን የደም ስኳር በድንገት ያወርዳል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። የኔው አልነበረበትም፣ ግን እኔ መች አይቼው! ለውሻ የተሠራውን ስገዛ መለያውን እንደ ውል አነበብኩት። የባክቴሪያው ሙሉ ስም ከነዝርያ ቁጥሩ (ለምሳሌ ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም ኤስኤፍ68)፣ በአንድ መጠን ውስጥ ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ፣ መቼ እንደሚያበቃ። «ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ድብልቅ» ብቻ የሚለውን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። አራት ሳምንት ሰጠኋት። ደብተሩ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ቀድሞም 3 ነበረች፣ 3 ሆና ቆየች። አቆምኩት። ዶክተሩ ግን ሌላ ጊዜ አንቲባዮቲክ ከታዘዘላት ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የሚባለውን እንድጠይቃቸው ነግረውኛል። እሱ እርሾ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም።

ኮምጣጤው ወደ ሰላጣዬ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን በዱባም በዱቄትም አይጠበቅም። ሰገራው ደም ካለው፣ ማስመለስ ከጨመረበት፣ ውሻው ከደከመና ውሃ እምቢ ካለ ወይም ገና ቡችላ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። ቡችላ በሰዓታት ውስጥ ውሃው ያልቅበታል።

አሁን ዱባውን ፈጭቼ በበረዶ መሥሪያው ትሪ አቀዘቅዘዋለሁ። አንዷ ጉድጓድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ትይዛለች። የፍሪዘሩ በር ሲንቋቋ ዳማ ከየትም ትመጣና ጭራዋን ወለሉ ላይ እየጠረገች ቁጭ ትላለች። የዚህ ሳምንት ደብተር 2፣ 2፣ 5፣ 3፣ 2 ይላል። 5ቷ ከቆሻሻ ቅርጫት የዶሮ ቆዳ የሰረቀችበት ቀን ናት።