ባክቴሪያን ሳይገድሉ ትጥቅ ማስፈታት፦ ኢንዛይሟን ስለካ የተማርኩት

ነገሩ የተጀመረው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የምትባለዋን ባክቴሪያ ሳንገድላት መሳሪያዋን ብቻ ማስጣል ይቻላል ወይ በሚል ጥያቄ ነው። ይቺ ባክቴሪያ የቃጠሎ ቁስል ላይ፣ ሳንባ ላይ፣ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው አይን ላይ ስትገባ ጉዳት ከምታደርስባቸው ነገሮች አንዱ ኢላስቴዝ የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው፣ ወደ ውጪ ትለቀዋለች፣ እሱ ደግሞ ሳንባና የደም ስር እንዲለጠጡ የሚያደርገውን ኢላስቲን ይበጣጥሰዋል፣ ሰውነት ለመከላከያ የሚልካቸውንም ፕሮቲኖች አይምርም። ሁሌ መግደል ላይ ብቻ ስናተኩር መድኃኒት የለመዱት ተርፈው ይባዛሉ፣ ስለዚህ ትጥቅ ማስፈታት የሚለው ሀሳብ በጣም ነው የያዘኝ።

መጀመሪያ ኢንዛይሙ ሲቆርጥ በአይን ለማየት የወተት አጋር፣ ማለትም ወተት ያለበት ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል ነው የሰራሁት። ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ከአጋር ጋር አንድ ላይ 121 ዲግሪ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ ከተትኩትና ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ቋጥሮ ነበር፣ ተደፋ። ወተቱን ለብቻ ለአጭር ጊዜ፣ አጋሩን ለብቻ አድርጋችሁ ሁለቱም ወደ 50 ዲግሪ ሲወርዱ ቀላቅሉ፣ በቃ። ሲሳካ ግን በጣም ያምራል፣ ነጭ ሳህን ላይ አረንጓዴ ቢጤ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር)፣ ዙሪያዋን ጥርት ያለ ቀለበት፣ ከሳህኑ ጀርባ በማርከር የጻፍኩት ቀን በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ይነበብ ነበር። ወተቱን ነጭ የሚያደርገው ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ስለተቆራረጠ ነው።

ከዛ ወደ ማገጃው ሄድኩ። ኢላስቴዝ ለመቁረጥ ዚንክ ያስፈልገዋል፣ ኢዲቲኤ የሚባለው ኬሚካል ደግሞ እንደ ዚንክና ካልሲየም ያሉትን ብረቶች አንቆ ይይዛል፣ ስለዚህ ሴሎቹን በትሪስ በፈር (የአሲድነት መጠኑ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) አጥቤ ኢዲቲኤ ጨመርኩና ትንሽ ቆይቼ ወተት አጋሩ ላይ ጠብ አደረግኳቸው። በነጋታው ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ጮቤ ረገጥኩ! ለአማካሪዬ ሳሳያቸው ሳህኑን ወደ ብርሃን አነሱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ "ባክቴሪያዋ ራሷ አለች?" አልቆጠርኩም ነበር። ስቆጥር አብዛኛዋ ሞታለች። ለካ ኢዲቲኤ የዚችን ባክቴሪያ የውጪ ሽፋን አያይዞ የሚይዘውን ማግኒዥየምና ካልሲየም ይነቅለዋል፣ በተለይ በትሪስ ውስጥ። ቱቦው ኢዲቲኤ ካልገባበት ማነጻጸሪያ (ኮንትሮል) ገርጣ ብሎ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፣ አይቼው አልፌዋለሁ። ትጥቅ አስፈታሁ ብዬ ገድዬ ነበር።

ከዚህ በኋላ ኢንዛይሙን ከባለቤቱ ለየሁት። ባክቴሪያውን በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን (ሴንትሪፊውጅ) አዝቅጬ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ በ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳለፍኩ፣ ሴል የለም ማለት ነው፣ ከዛ አጋሩ ላይ ጉድጓድ ቀድጄ ፈሳሹን ብቻውን፣ ፈሳሹን ከኢዲቲኤ ጋር፣ የተቀቀለ ፈሳሽ፣ ኢዲቲኤ ብቻውን ብዬ ሞላሁ። የመጨረሻውን እንዲሁ ለደንቡ ነበር ያስገባሁት፣ እሱ ነው ያዳነኝ፣ ምክንያቱም ምንም ኢንዛይም ሳይኖርበት ዙሪያው ጠርቶ አገኘሁት! ኬዚን ወተት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቆየው በካልሲየም ነው፣ ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ሲወስድበት ጥቅሉ ይፈርሳል ወተቱም ይጠራል፣ ሳይቆረጥ። አንድ ሳህን ላይ አንዱ ኬሚካል በአንድ በኩል ቀለበት ያጠፋል በሌላ በኩል ቀለበት ይሰራል፣ ይሄንን በአይን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ አዞኬዚን ወደሚባለው ዞርኩ፣ ቀለም የተያያዘበት ኬዚን ነው። ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ትንንሾቹ ቁርጥራጮች አሲድ ሲጨመር አይዘቅጡም፣ ያልተቆረጠው ግን ይዘቅጣል፣ ከላይ የቀረውን ብርቱካንማ ፈሳሽ የቀለም ጥንካሬ በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ትለካላችሁ። ቁጥር ይሰጣል፣ አያከራክርም። ጄላቲን ያለበት ጄል ላይም ሞክሬዋለሁ፣ ጄሉ ሰማያዊ ሲቀለም ኢንዛይሙ ጄላቲኑን የቆረጠበት ቦታ ሰማያዊው መሃል ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ናሙናውን ግን እንደለመድነው አትቀቅሉት፣ የፕሮቲን ማያያዣዎችን የሚበጥሰውን መርካፕቶኢታኖልም አትጨምሩ፣ ኢንዛይሙ ተመልሶ መታጠፍ አለበትና።

ሌላው ያደከመኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ዘርቼ ከሶስት አራት ሰዓት በኋላ የወሰድኩት ፈሳሽ ምንም አይቆርጥም፣ አዳር የቆየው ግን ሀይለኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ፊልተሩ ኢንዛይሙን እየያዘብኝ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ፊልተር ስቀያይር ቆየሁ። ጉዳዩ ኮረም ሴንሲንግ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ በሚለቁት የኬሚካል ምልክት ብዛታቸውን እያወቁ በቂ ሲሆኑ ነው ኢላስቴዙን በደንብ የሚያመርቱት። ጥቂት ሆነው ቢተኩሱ የሰውነት መከላከያ ቀድሞ ይነቃባቸዋል ይባላል፣ ለኔም አሳማኝ ነው። አሁን የናሙናውን እድሜና ድፍርስነት ሳልጽፍ አንድም ቱቦ አልለካም።

በነገራችን ላይ ፕሮቲን መቁረጥ ሁሌ ጥቃት አይደለም። የቴታነስና የቦቱሊዝም መርዞች ነርቭ ውስጥ ገብተው የሚቆርጡ የዚንክ ኢንዛይሞች ናቸው፣ እሱ ልክ ነው፣ ግን ብዙ ባክቴሪያዎች ውስጥ ክልፕ ፒ የሚባል ከ14 ቁራጭ የተሰራ በርሜል መሰል ኢንዛይም አለ፣ የተበላሹ የራሳቸውን ፕሮቲኖች የሚያጸዱበት፣ በሩም ጠባብ ነው፣ የተፈቀደለት ብቻ ነው የሚገባው። አሲልዴፕሲፔፕታይድ የሚባሉ ውህዶች ያንን በር ይበረግዱታል፣ ውህዱ የሚሰራባት ባክቴሪያም የራሷን ፕሮቲን ቆራርጣ ትሞታለች፣ ይሄ በ2005 ነው የታየው። አንዱን ኢንዛይም ማገድ ትጥቅ ማስፈታት ሲሆን ሌላውን መልቀቅ ደግሞ መግደል ነው፣ ስለዚህ የትኛውን እንደነካችሁ ሳታውቁ ውጤት አትጻፉ።

አሁን እያንዳንዱ የአዞኬዚን ቱቦ አጠገቡ የኮሎኒ ቆጠራ ሳህን አለው። ኢዲቲኤን ትቼ ኢላስቴዝን በደንብ እንደሚያግድ የሚታወቀውን ፎስፎራሚዶን ስሞክር ብርቱካንማው ቀለም በጣም ቀነሰ፣ እኔ ግን ቀለሙን ትቼ ወደ ሳህኖቹ ነው የሮጥኩት፣ ሶስት ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ ኮሎኒዎቹ ከኮንትሮሉ ጋር እኩል ነበሩ።