አዲስ ዘመንን በሁለት ቀለም ሳነብ

ርዕዮተ ዓለም ጋዜጣ ላይ እንዴት እንደሚበቅል ለማየት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ገብቼ የ1966፣ የ1967 እና የ1968 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ጥራዞችን አስወጣሁ። የዘውዱን ቋንቋ በሰማያዊ፣ የአብዮቱን በቀይ ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር። «ግርማዊነታቸው» ሰማያዊ፤ «አድኃሪ»፣ «ተራማጅ»፣ «ሰፊው ሕዝብ» ቀይ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ሰማያዊው ቆሞ ቀዩ ይጀምራል ብዬ ነበር።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የመጣው ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ማንን ትቅደም? ወዴት? መፈክሩ አይናገርም፤ ስለዚህ ለመቃወም አስቸጋሪ ነበር። ታኅሣሥ 1967 ላይ «ኅብረተሰብአዊነት»፣ ማለትም ሶሻሊዝም፣ ተባለ፤ ሚያዝያ 1968 ላይ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ ደግሞ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም በጠላትነት ተፈረጁ። ባዶው መፈክር እየቆየ ተሞላ። ቃላቱን ብቻ ብቆጥር ኖሮ ይህን አላየውም ነበር፤ ቀናቸውን ከጎናቸው መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ «አብዮታዊ መድረክ» ነው። በዚያ ዓምድ የሁለቱ ተቀናቃኝ የግራ ድርጅቶች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን፣ ሰዎች ተከራከሩ፤ አንዱ ያለ ገደብ ዴሞክራሲ፣ ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እያለ። ክርክሩን በሁለት ቀለም ልለየው ብዬ አልቻልኩም፤ ገጹ በሙሉ ቀይ ሆነብኝ። የሚጠፋፉት ወገኖች የተሰዳደቡት ከአንድ መዝገበ ቃላት እየጠቀሱ ነበር። ርዕዮተ ዓለምን መፈለግ ያለብኝ ባላንጣዎቹ በማይጣሉበት ነገር ላይ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዚያ ቋንቋ ስንት ወጣት እንዳለቀ ሳስብ ጥራዙን መዝጋት ያቃተኝ ቀን ነበር።

ማታ ቤት ስገባ አባቴን ጠየቅሁት። ያኔ የቀበሌው ስብሰባ የማይቀርበት ነበር፤ ጋዜጣ ግን አያነብም፣ ሬዲዮ ነው የሚሰማው።

«አባዬ፣ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም ምን ማለት እንደሆነ ታውቁ ነበር?»

ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እኔ እንጃ ልጄ» አለኝ። «‹ይውደም!› የምንልበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ።» የግራ እጁን ጨብጦ ከፍ አደረገ፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልማድ።

በማግስቱ ተመልሼ ጽሑፉን ትቼ የሰልፍ ፎቶግራፎቹን ማየት ጀመርኩ።